ከፍርግርጉ ኋላ

ሱቁን እኔ አላየሁትም፤ ከመወለዴ በፊት አፈረሱት፤
ጡቡን በጋሪ ጭነው ለበጎች በረት ወሰዱት።
የቀረው መዝገቡ ነው፣ በላም ቆዳ የተለበጠ፣
ቀለሙ ዝጎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ወደ ወረቀቱ የሰመጠ፤
ደግሞም ሁለት የሚዛን ብረቶች፣ በጨርቅ የተቋጠሩ፣
አክስቴ ኤርሚንዳ ስትሞት ከሣጥኗ ሥር የነበሩ።

ቤርናት ኢሪጋራይ፣ ቅድመ አያቴ፣ የባስክ ተራራ ልጅ፤
ርስቱ ለበኩር ሆነ፤ ለእሱ የደረሰው ደጅ።
በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቦነስ አይረስ ወረደ፣
መርፌና ክር፣ መቀስና መስተዋት አዝሎ ወደ ፓምፓ ነጎደ።
ሜዳ። ከዚያ ሜዳ። ዓይን የሚደገፍበት ዛፍ የሌለው፣
ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ድፍት ያለው።
ከወዲህ የወታደር ምሽግ፣ ከወዲያ የራንኬሎች ሰፈር፤
ሁለቱም ጨው ይሻል፤ ሁለቱም ይወዳል ስኳር።
በመካከላቸው አንድ ክፍል በጭቃ ጡብ አቆመ፣
መሸጫውን በብረት ፍርግርግ ከደረት እስከ ራስ አተመ።
ገዢ ከውጭ ይቆማል፣ ሻጭ ከውስጥ ያቀብላል፤
የሰከረ ጋውቾ ቢላ ቢመዝ፣ ብረቱ ይመክታል።
አንድ መንገደኛ፦ «ከሁለታችሁ ማነው የታሰረው?»
ቤርናት ሳይስቅ፦ «ቁልፉን የያዘው።»

መዝገቡ እንዲህ ይላል፦
«ለአንድ እጁ ኤውስታኪዮ፦ ትምባሆ፣ መጠቅለያ ወረቀት።
ለምሽጉ ሻምበል፦ ሻማና ወይን፤ አልከፈለም፣ ይኸው ሦስት ዓመት።
ለመበለቲቱ ሳቱርኒና፦ ጥቁር ጨርቅ፣ ስምንት ክንድ።
ስሙን ላልነገረኝ ራንኬል፦ ጨው፤ በሰጎን ላባ ከፍሏል፤
ከሁሉ እሱ ብቻ በቀኑ የሚከፍል ወንድ።»

ግራሲያናን ያጫት በደብዳቤ ነው፤ ፊቷን አላየውም።
ከጋሪ ስትወርድ «ዛፉስ?» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።
የኦምቡ ችግኝ ፈልጎ በደጃፉ ተከለላት፤
ግንዱ ለማገዶ አይሆንም፣ ጥላው ግን ጥላ ሆነላት።
ስድስት ወለደች። ሦስቱ ከዚያ ጥላ ሥር ናቸው።

ቤታችን ሲወራ የኖረው፦ «ቤርናት እጁ ሰፊ፣
ለድኃ ዱቤ የማይነፍግ፣ በክፉ ቀን ደጋፊ።»
ባለፈው ክረምት ብረቶቹን ፋርማሲ ወስጄ አስመዘንኩ፤
ሁለቱም ላይ «አንድ ነጥር» ተቀርጿል። አስደገምኩ። አሠለስኩ።
አንዱ ይጎድላል፣ አንዱ ያልፋል፤
በከባዱ ላባ ገዝቷል፣ በቀላሉ ጨው ሸጧል።

የፈንጣጣው ዓመት ላይ የገጹ እጅ ይለወጣል፤
የቤርናት ፊደል ይዘነበላል፣ ከዚያ ፈጽሞ ይጠፋል።
እሱ አልጋ ላይ ነው። የሚጽፈው የግራሲያና ብዕር፣
ፊደሏ ክብ፣ ዘገምተኛ፣ እንደ ሹራብ ዓይን የሚቆጠር።
ከሞቱት ስም ሁሉ ጎን አንዲት ቃል፦ «ተከፍሏል»፤
ለኤውስታኪዮ «ተከፍሏል»፣ ለሳቱርኒና «ተከፍሏል»፤
ሻምበሉን ዘላዋለች። ሻምበሉ ድኗል።

ከዚያ ስም የለሽ ሰው ስትደርስ ግን ይህን ቃል አልጻፈችም፤
አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ገለጠች፣ ደመረች፣ አልተሳሳተችም
(እኔም ደግሜ ደምሬዋለሁ)፦
«የጎደለ ጨው፣ አርባ አንድ ነጥር። ዕዳው የኛ።»

ቤርናት ሲድን አይቶት ይሆን? አላውቅም። ገጹ አልተቀደደም።
በዓመቱ ጦር አለፈ፤ ደረቅ ዳቦና ባሩድ ሸጠለት፤
ጦሩ ሲመለስ ከወዲያ ያለው ሰፈር አመዱ ብቻ ቀረለት።
ከዚያ ባቡሩ መጣ፣ ሐዲዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፤
እንደ ባለዕዳ ሱቁን ሸሽቶ አለፈ፣ ጭሱን ለቆ።
ገዢ በሌለበት ሰባት ዓመት፣ ማለዳ ማለዳ ከፈተ፤
አንድ ቀን ሚዛኑን ሲወለውል እንደ ቆመ ሞተ።
ግራሲያና ብረቶቹን ቋጠረች። አልጣለችም። ለሴት ልጇ፣
እሷም ለኤርሚንዳ፤ ቋጠሮው ከነዝምታው ወረደ፣ ከእጇ ወደ እጇ።

እኔ አርባ አንድ ነጥር ጨው ገዛሁ። ርካሽ ነው።
ባሌ «ለማን?» አለኝ፤ አፌን ከፍቼ ተውኩት።
ጆንያው ከማድቤቱ ጥግ ተቀምጧል።
በዝናብ ወራት እርጥበት ይስባል፤
ይከብዳል።